በሁለት መፍላት መካከል

አማርኛ ለውሃውም ለጠላውም «ፈላ» ይላል። ምድጃ ላይ የተጣደው ውሃ ሲንተከተክ ፈላ፤ ጋን ውስጥ ያለው ድፍድፍ አረፋ እየደፈቀ ሲያጉረመርምም ፈላ። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። የእሳቱ መፍላት በፈሳሹ ውስጥ ያለውን ሕያው ነገር ይፈጃል፤ የጋኑ መፍላት ደግሞ እርሾ ተራብቶ፣ ስኳሩን በልቶ፣ አልኮልና ጋዝ ሲያወጣ የሚታይ ምልክት ነው። በቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢራ ለመጥመቅ የተነሳ ሰው ስለ ንጽሕና የሚያነሳው ጥያቄ ከሞላ ጎደል መልሱ ያለው እዚህ ነው። የመጀመሪያው መፍላት አብቅቶ ሁለተኛው እስኪጀምር ድረስ ባለችው አጭር ጊዜ ፈሳሹ ጠባቂ የለውም። ከዚያ በፊት የሚደረገው ጭንቀት በአብዛኛው ከንቱ ድካም ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ይፈልጋል።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንዲህ ነው። የተፈጨ የገብስ ብቅል 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሆነ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይዘፈዘፋል፤ ይጠለላል፤ የወጣው ጣፋጭ የብቅል ውሃ የጌሾን ቦታ ከሚይዘው ከሆፕስ ጋር አንድ ሰዓት ገደማ ይቀቀላል፤ ይቀዘቅዛል፤ እርሾ ይጨመርበታል፤ አንድ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ከጥቂት ስኳር ጋር በጠርሙስ ይታሸጋል። በዚህ መንገድ ላይ ጀማሪው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን አደባልቆ ይጨነቃል። አንዱ «ይህን ጠጥቼ እታመም ይሆን?» የሚል ነው፤ ሌላው «ልፋቴ ገደል ይገባ ይሆን?» የሚል። ሁለቱ ሲደባለቁ ሰውየው ፍርሃቱን በየቦታው እኩል ይረጨዋል። ድስቱን፣ ማማሰያውን፣ የብቅል ማጥለያውን፣ ወለሉን ሳይቀር በበረኪና ያጥባል፤ ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ቢራውን ወደ ጠርሙስ ሲያወርድ የላስቲክ ቱቦውን በአፉ ይስባል። ድስቱ ቢታጠብም ባይታጠብም አንድ ሰዓት ሊቀቀልበት ነበር። አፉ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ግን ከዚያ በኋላ የሚቀቅለው የለም።

የመጀመሪያውን ጥያቄ እንያዝ። ያለቀለት ቢራ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ የሚመቸው ቤት አይደለም። አሲድነቱ በፒኤች ሲለካ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 4.5 ነው፤ አራት አምስት በመቶ አልኮል አለው፤ የሆፕሱ ምሬት ብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎችን ያዳክማል፤ ኦክስጅኑን እርሾው ጨርሶታል፤ ቀላሉ ስኳር ተበልቷል፤ ቦታውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞታል። እያንዳንዱ ለብቻው ቢሆን ደካማ አጥር ነው፤ ሲደራረቡ ግን ሰውን የሚያሳምሙት የተለመዱ ባክቴሪያዎች ሊራቡበት አይችሉም። (አልኮል አልባ ቢራ በቤቱ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ካለ አጥሩ ግማሹ እንደፈረሰበት ይወቅ፤ ያ ሥራ ለጀማሪ አይመከርም።) የታሪኩም አቅጣጫ ይህንኑ ያሳያል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1876 ስለ ቢራ ባሳተመው መጽሐፍ ያጠናው የጠጪውን በሽታ ሳይሆን የቢራውን በሽታ ነበር፤ ለምን እንደሚኮመጥጥ፣ ለምን እንደሚደፈርስ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1883፣ በኮፐንሃገኑ የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ከአንዲት ሕዋስ ብቻ የተራባ ንጹሕ እርሾ ለጠመቃ ያበቃውም የፋብሪካውን ቢራ ጣዕም ያበላሸው የዱር እርሾ መሆኑን ስለደረሰበት ነው። የቢራ ንጽሕና ሳይንስ የተወለደው ከኪሳራ ፍርሃት እንጂ ከሞት ፍርሃት አልነበረም ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሳል፤ ሊነሳም ይገባል። በቤት የተጠመቀ መጠጥ ሰው ገድሎ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር፣ ቺቲማ በተባለ ቦታ፣ ለቅሶ ላይ ፖምቤ የተባለውን ባህላዊ ቢራ የጠጡ 75 ሰዎች ሞቱ፤ ከመቶ በላይ ሌሎች ታመሙ። በመጀመሪያ የተወራው የአዞ ሐሞት ተጨምሮበታል የሚል ነበር። ምርመራው ያወጣው እውነት ግን ሌላ ነው። ለጠመቃው የዋለው የበቆሎ ዱቄት ጎርፍ ያረጠበውና የተበላሸ ነበር፤ ዱቄቱ ላይ ቡርክሆልዴሪያ ግላዲዮሊ የተባለ ባክቴሪያ አድጎ ቦንግክሬኪክ አሲድ የሚባል መርዝ አመንጭቷል። መርዙ ሽታም ጣዕምም የለውም፤ እሳትም አያጠፋውም። ይህን አደጋ አስተውሎ ላነበበው ሰው ትምህርቱ ስለ ዕቃ እጥበት አይደለም። ጋኑን አሥር ጊዜ በበረኪና ቢያጥቡት፣ ዱቄቱን ቀኑን ሙሉ ቢቀቅሉት የሚለወጥ ነገር አልነበረም። ባክቴሪያውን እሳት ይገድለዋል፤ ባክቴሪያው ቀድሞ የተፋውን መርዝ ግን አያነሳም። የሻጋታ መርዞችም እንደዚሁ ናቸው፤ አፍላቶክሲን በድስት መፍላት አይጠፋም። እንግዲህ ለጤናው የሚሰጋ ጠማቂ ዓይኑን መጣል ያለበት ጆንያው ላይ ነው። የረጠበ፣ የሻገተ፣ ጎርፍ ወይም የጣሪያ ፍሳሽ የነካው እህል ለቂጣም ለብቅልም አይሁን። «ጠላ ነው፣ ይፈላል፣ ይጠራል» ብሎ የተበላሸ እህል ወደ ጋን ማዞር ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው።

ሁለተኛው የጤና አደጋ ለጀማሪ ይበልጥ ቅርብ ነው፤ የሚመጣውም ከሰነፍነት ሳይሆን ከጥንቁቅነት ነው። ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘር መሰል ቅርፊት ውስጥ ተደብቆ 100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃን ይቋቋማል። በኋላ ኦክስጅን በሌለበት፣ አሲድነቱ ዝቅ ባለ ፈሳሽ ውስጥ ከታሸገ ይነቃል። ወሰኑ ፒኤች 4.6 ነው፤ ያልቦካ የብቅል ውሃ ደግሞ ፒኤቹ 5.2 ገደማ ስለሆነ ከወሰኑ በላይ ነው፣ ማለትም አልኮመጠጠም። ስለዚህ የብቅሉን ውሃ ትኩስ እንዳለ ጀሪካን ውስጥ አሽጎ «እርሾው እስኪገኝ» ብሎ ለሳምንታት ማቆየት ንጽሕና ይመስላል እንጂ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ዩታ ግዛት እስር ቤት ውስጥ በድብቅ የተጠመቀ መጠጥ የጠጡ 8 እስረኞች በቦቱሊዝም ታመዋል፤ ጠንቁ መጠጡ ውስጥ የገባ ድንች እንደነበረ ተደርሶበታል። መፍትሔው በረኪና አይደለም፤ ፍጥነት ነው። የብቅሉ ውሃ እንደቀዘቀዘ እርሾው ይጨመር። እርሾው ሥራ ሲጀምር አሲዱ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከወሰኑ ያልፋል።

ሜታኖልን የሚፈሩም አሉ፤ ዐይን ያጠፋል ሲባል ሰምተው። እንዲህ ያለው መመረዝ የሚመጣው በአብዛኛው የፋብሪካ ሜታኖል ተቀላቅሎበት ከተሸጠ አረቄ ነው። ከእህል በተጠመቀ፣ ባልተነጠረ ቢራ ወይም ጠላ ውስጥ የሚገኘው ሜታኖል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይህን ስጋት ከዝርዝሩ መሰረዝ ይቻላል።

የቀረው የልፋቱ ጥያቄ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ንጽሕና እውነተኛ ዋጋ ያለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ስለተቀመጠች ውሃ የሚፈላባት 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ጀርሙ ይሞታል?» ይላል። ይሞታል። የቢራ ፋብሪካዎች ያሸጉትን ቢራ የሚያክሙበትን ሙቀት የሚቆጥሩት 60 ዲግሪን መነሻ አድርገው ነው፤ በ92 ዲግሪ የአንድ ሰዓት ቅቅል ቢራ አበላሽ ለሆኑት ባክቴሪያዎችና ለዱር እርሾ ከበቂም በላይ ነው። ስለዚህ ከቅቅሉ በፊት የሚነካ ዕቃ ሁሉ እንደ ወጥ ድስት በሳሙና መታጠቡ ይበቃዋል። እሳቱ ጠፍቶ የብቅሉ ውሃ ከ60 ዲግሪ በታች ሲወርድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ለብ ያለ፣ ጣፋጭ፣ ያልኮመጠጠ፣ አልኮል የሌለው ፈሳሽ ለማንኛውም ተሐዋሲ ድግስ ነው። ከዚህ ቅጽበት ጀምሮ ፈሳሹን የሚነካው ሁሉ፣ ጭልፋው፣ ቱቦው፣ ቴርሞሜትሩ፣ የባልዲው ክዳን፣ እጅ ራሱ፣ ከጀርም የጸዳ መሆን አለበት።

ጠላቱ የሚመጣውም ብዙ ሰው ከማይጠረጥረው ቦታ ነው። የብቅል ገለባ በላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ የተሞላ ነው፤ ብቅል በተፈጨበት ክፍል ውስጥ ትኩሱን ፈሳሽ ክፍቱን ማቀዝቀዝ አቧራውን መጋበዝ ነው። በመጠጥ ላይ የምታንዣብበው ትንሿ ዝንብ የኮምጣጤ ባክቴሪያ በእግሯ ይዛ ትዞራለች። በሌላ በኩል ጠማቂው ጠንካራ ወዳጅ አለው፤ እርሾው። አሥራ አንድ ግራም ያህል የምትመዝን አንዲት የደረቅ እርሾ ፓኬት በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሕያው ሕዋሳት ይዛለች፤ ለ20 ሊትር ትበቃለች። ከዝንቧ እግር የወደቁት ጥቂት መቶ ባክቴሪያዎች ከዚህ ጭፍራ ጋር ተሽቀዳድመው ማሸነፍ የሚችሉት እርሾው ከዘገየ ነው። የተሻለው የንጽሕና መሣሪያ ጤነኛና በቂ እርሾ በሰዓቱ መጨመር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፈሳሹ ለምን እንደሚሳካ ሳይጠይቁ ለምን እንደሚከሽፍ ብቻ መጠየቅ ጀማሪውን አጉል ጠባቂ ያደርገዋል።

ስለ ማጽዳት ሲወራ ሁለት ሥራዎች በአንድ ቃል ይጠራሉና መለየቱ ይጠቅማል። አንደኛው እድፍን ማስወገድ ነው፤ ሳሙና፣ ሙቅ ውሃና ክንድ ይፈልጋል። ሁለተኛው ከታጠበው ዕቃ ላይ የቀረውን ጀርም መቀነስ ነው፤ ይህ የመድኃኒት ሥራ ነው። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። የደረቀ አረፋና የእርሾ ቅሪት ለባክቴሪያ ምሽግ ስለሆነ፣ ላዩ ላይ በረኪና ቢፈስበትም ከሥሩ ያለው ይተርፋል። ብዙ ሰው የሚይዘው ቢጫው የዘይት ጀሪካን በዚህ በኩል ይጎዳል፤ አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባም፤ በጠጠርና በአሸዋ ሲፈተግ ደግሞ ውስጡ ይጫጫራል፤ ጭረቱ ውስጥ የተሸሸገውን የሚደርስበት የለም። ምግብ ለመያዝ የተሠራ፣ አፈ ሰፊ ባልዲ በለስላሳ ስፖንጅ እየታጠበ ከሁሉም ይሻላል። ኬሚካል የነበረበት በርሜል ግን የቱንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ አይሁን።

በረኪና ርካሽ ነው፣ በየሱቁ አለ፣ ይሠራልም። ሽታ ያልተጨመረበት፣ 5 በመቶ የሆነው በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 4 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃዋል፤ አሥር ደቂቃ አቆይቶ በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ ግድ ነው። አብዝቶ የሚጨምር ሰው ቢራውን የሚያበላሸው ራሱ ነው። ክሎሪን ብቅሉ ውስጥ ካሉት ፊኖል ከሚባሉ ውህዶች ጋር ሲገናኝ የቁስል ፕላስተር የሚሸት ጣዕም ይፈጥራል፤ ጥቂቷ ብቻ ሙሉ ባልዲ ታስደፋለች። በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር መቀላቀልማ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ አይሞከርም። አሜሪካ ያሉ አንባቢዎች በዚህ ይቀናቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1979 ሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ሕግ አንድ አዋቂ ለራሱ ፍጆታ በዓመት እስከ 100 ጋሎን፣ ማለትም 380 ሊትር ገደማ ቢራ ያለ ግብር እንዲጠምቅ ከፈቀደ ወዲህ ለቤት ጠማቂ የሚሸጡ ሱቆች በርክተዋል፤ እንደ ስታር ሳን ያሉ፣ በልኩ ከተበጠበጡ ማለቅለቅ የማያስፈልጋቸው አሲዳማ ማጽጃዎችም ይገኛሉ። ከነዚህ የሚቀር አረፋ ጀማሪን ያስደነግጣል፤ ቢራውን ግን አይጎዳውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ተቃውሞ፦ «እናቶቻችን ጠላ ሲጠምቁ የኖሩት ያለ በረኪና፣ ያለ ቴርሞሜትር ነው፤ ይህ ሁሉ ለምን?» ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። በረኪና አልነበራቸውም ማለት ግን ንጽሕና አልነበራቸውም ማለት አይደለም። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይፈተጋል፤ ደጋግሞ ይለቀለቃል፤ ተደፍቶ በወይራ ይታጠናል። የጭሱ ሙቀትና በውስጡ ያሉት ፊኖሎች የሸክላውን ቀዳዳ ዘልቀው ጀርሙን ያዳክማሉ፤ ለጠላው የሚሰጡት ሽታ ምርቃት ነው። አሻሮው ይቆላል፣ ቂጣው ይጋገራል፤ ስለዚህ አብዛኛው እህል እሳት አይቶ ነው የሚገባው። ጌሾው በሆፕስ ቦታ ቆሞ ያመርራል፤ ተሐዋስያንንም ይከላከላል። ድፍድፉ ሲያበቃ የጋኑ አፍ ይመረጋል፤ አየር ካልገባ የኮምጣጤው ባክቴሪያ አይሠራም። በሳይንሱ ቋንቋ ሲተረጎም ይህ ማጠብ፣ ማምከን፣ ማምረርና ኦክስጅን መከልከል ነው፤ አንድም አልጎደለም።

ልዩነቱ መጠጡ ራሱ ነው። ጠላ እርሾውን ከፓኬት አያገኝም፤ ከብቅሉ፣ ከጌሾው፣ ከጋኑ ግድግዳ ያገኘዋል። እርሾውና ላክቲክ ባክቴሪያው አብረው ይሠራሉ፤ ትንሽ መኮምጠጡ ወጉ ነው፤ በቀናት ውስጥ ይጠጣል። ሲሆመጥጥ ማንም አይደነቅም፤ ቅራሪው ይወጣል፣ ሌላ ይጠነሰሳል። ቢጫ ቀለም ያለው የብቅል ቢራ ግን ጭስ የለው፣ ኩምጠት የለው፣ ጥቁር ቂጣ የለው፣ ነውሩን የሚሸፍንበት ነገር የለውም፤ በዚያ ላይ ለሳምንታትና ለወራት በጠርሙስ ሊቆይ ነው። ስለዚህ የእናቶችን መንገድ የሚጠቅስ ሰው መንገዱን በሙሉ ይውሰድ። ግራዋውንና ወይራውን ትቶ፣ ጠላውን በተጫጫረ ጀሪካን ጠንስሶ «ድሮም እንዲሁ ነበር» ማለት ድሮውን አለማወቅ ነው። ለጠላ ጠማቂውም ቢሆን አንድ ነገር ልጨምር። የደረሰውን ጠላ ባልፈላ ውሃ አቅጥኖ ወዲያው ማቅረብ፣ ጣሳውን በዋለ ውሃ ማለቅለቅ፣ መጠጡ በፈላበት ጊዜ ሁሉ ያጠረውን አጥር በመጨረሻዋ ደቂቃ መዝለል ነው። አሲዱና አልኮሉ የሚሠሩት ጊዜ ሲያገኙ ነው።

እርሾው ሥራውን ከጀመረ በኋላ ጀማሪው ሁለተኛ ድንጋጤ ይይዘዋል። በሁለተኛው ቀን ላዩ ላይ ቡናማ፣ ጎርባጣ አረፋ ይወጣና ሻጋታ ይመስለዋል፤ የእርሾው አረፋ ነው። የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ይሸተዋል፤ ብዙ እርሾዎች ሲሠሩ ድኝ ይሸታሉ፣ ይጠፋል። ከታች ዝቃጭ ይቀመጣል፤ እንደ ጠላው አተላ ማለት ነው። ያልበሰለ ፖም የሚመስል ጣዕም ያልጎመራ ቢራ ምልክት ነው፤ ጥቂት ቀን ይጠብቁት። እውነተኛው የመበላሸት ምልክት ሌላ ነው። ፀጉር ያለው አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ፣ ላዩን የሸፈነ ስስ የተሸበሸበ ቆዳ፣ የሚቆነጥጥ የኮምጣጤ ሽታ። ሻጋታ ያወጣውን መድፋት ነው፤ የኮመጠጠውም ቢሆን ጉሮሮን እንጂ ሆድን የሚያስቀይም አይደለም። ይልቅ በየሰዓቱ ክዳኑን እየከፈቱ ማየት፣ በዚያው አየርና አቧራ ማስገባት፣ የሚፈሩትን በገዛ እጅ መጥራት ነው።

የመጨረሻው አደጋ ሰው የሚያቆስል ስለሆነ የጤናውና የልፋቱ ጥያቄ እዚህ ይገናኛሉ። ቢራው ጠርሙስ ውስጥ ጋዝ እንዲይዝ በሊትር ስድስት ሰባት ግራም ስኳር ይጨመርበታል። ቢራው መፍላቱን ሳይጨርስ ከታሸገ፣ ስኳሩ በግምት ከተጨመረ፣ ወይም ጠርሙሱ ሥር የተደበቀ የዱር እርሾ ዋናው እርሾ የተወውን ስኳር መብላት ከጀመረ ግፊቱ ይጨምርና ጠርሙሱ ይፈነዳል። ስብርባሪው ከየትኛውም ባክቴሪያ ይልቅ ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ የፈሳሹን እፍጋት የሚለካው ሃይድሮሜትር በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ይታይ፤ ቁጥሩ ካልተለወጠ መፍላቱ አብቅቷል። ጠርሙሶቹ ወዲያው እንደተጠጡ ይለቅለቁ፤ ከሥር የደረቀ ያለባቸው ብሩሽ ካልደረሰባቸው ይጣሉ። ግፊት ለመቻል የተሠሩ የቢራ ጠርሙሶች ብቻ ይመረጡ፤ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥም ይቀመጡ። ከነሱ ጋር አንዲት የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስም በዚያው ቢራ ተሞልታ ትታሸግ። እሷ በየቀኑ በጣት ትጫናለች። ድንጋይ ስትሆን ሣጥኑ እንዳለ ወደ ማቀዝቀዣ ይገባል።